ጭልፋው ከየት ነው የሚቀዳው?

ስለ ትምህርት ቤት ምሳ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ "ልጆቹ ይበላሉ ወይ?" የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ችግሩ ወሬው እዚያው ላይ ማለቁ ነው። ምን በሉ? ምን ያህል በሉ? የተሻለውን ማን አገኘ? እዚህ ስንደርስ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። ሪፖርቱ ላይ "ይህን ያህል ሕፃናት ተመግበዋል" ተብሎ ይጻፋል፤ ፎቶ ይነሳል፤ አለቀ። ደረቅ ዳቦ በጣፋጭ ሻይ ያወራረደው ልጅና እንቁላል፣ ባቄላና አትክልት የበላችው ልጅ ሪፖርቱ ላይ እኩል ይቆጠራሉ።

ቁጥሩ ራሱ የሚናቅ አይደለም። በዓለም የምግብ ፕሮግራም የ2020 ዘገባ መሠረት 388 ሚሊዮን ልጆች በትምህርት ቤታቸው ይመገቡ ነበር። የ2024ቱ ዘገባ ቁጥሩን ወደ 466 ሚሊዮን አድርሶታል። (ነገሩ የብዙ አገር ስለሆነ ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በአጭር ጊዜ ውስጥ ይህን ያህል ልጅ መጨመር ቀልድ አይደለም፤ አላጣጥለውም። ግን ስለ ሳህኑ ምንም አይነግረኝም። እኔ ደግሞ ማየት የምፈልገው ሳህኑን ነው። ከሳህኖቹም ከሁሉ የባሰውን።

ልጄ በምትማርበት ትምህርት ቤት ወላጆች ተራ እየገባን ምሳ ሰዓት ላይ እናግዛለን። ሥራው ከባድ አይደለም። ሳህን ማቀበል፣ የትንንሾቹን እጅ ማስታጠብ፣ የፈሰሰ መጥረግ ነው። ወጥ ቤቱን የሚመሩትን ሴት፣ ተማሪዎቹ "እማማ" ነው የሚሏቸው፤ እኛም እንደዚያው እንላቸዋለን። እማማ ጭልፋውን ለማንም አይሰጡም። አንድ ቀን "እስኪ አረፍ ይበሉ፣ እኔ ልቅዳ" ብላቸው ሳቁብኝ። "አንተ ልጄ ከላይ ከላይ ነው የምትቀዳው" አሉኝ።

የምስር ሾርባ ነበር። ምስር ይዘቅጣል። ካሮቱና ድንቹም ይከተለዋል። ድስቱ ካልተማሰለ ቀድሞ የተሰለፈው ልጅ ቢጫ ውሃ ይዞ ይሄዳል። ቀድመው የሚሰለፉት ደግሞ ትንንሾቹ ናቸው። መሃል ላይ ያለው ይቀናዋል። ሰልፉ ከታሰበው በላይ ከረዘመ መጨረሻ ላይ ሙቅ ውሃ ይጨመራል፤ እዚያ ያሉት እንደገና ውሃ ይጠጣሉ። እማማ ሁለት ሳህን በቀዱ ቁጥር ጭልፋውን እስከ ታች ሰድደው ያማስላሉ። ክንዳቸው ሲዝል ወደ ግራ እጃቸው ያዞሩታል። "ምግቡ ያለው ታች ነው" አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ወረቀት ላይ ሁሉም ልጅ አንድ ጭልፋ ሾርባ ደርሶታል። የምሳ ጥራት የሚባለው ነገር እንዲህ ነው። ሜኑው ይጻፋል፣ ይለጠፋል፣ ይፈረምበታል። ከዚያ በኋላ ግን የሚወስነው የቀጂው ክንድ ነው። ስለ ልዩነት ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው የሀብታምና የድሃ ትምህርት ቤትን ነው። ልዩነቱ አንድ ድስት ውስጥም አለ።

ሆድ መሙላት ርካሽ ነው። ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር ካለ ካሎሪው ይሞላል። ውድ የሚሆነው ሌላው ነው፤ ብረት፣ ዚንክ፣ ቫይታሚን ኤ፣ ደህና ፕሮቲን። ልጁ ጠግቦ ከሰዓት በኋላ ክፍል ይገባል፤ ደሙ ግን ብረት አጥሮታል። ቶሎ ይደክመዋል፣ ሐሳቡ ይበታተናል፣ "ሰነፍ" ይባላል። ድብቅ ረሃብ የሚሉት ይሄን ነው። ከውጭ ሲያዩት ልጁ ምንም አልሆነም።

የብረት ነገር በተለይ ተንኮል አለው። ጥራጥሬና ቅጠላ ቅጠል ውስጥ ይገኛል። ሰውነት ግን ከሥጋ እንደሚወስደው ከእነሱ በቀላሉ አይወስድም። እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ምግቡን ተከትሎ የሚጠጣ ሻይ ደግሞ የባሰ ያከብደዋል። በተቃራኒው ቫይታሚን ሲ ያለበት ነገር፣ ብርቱካን ወይ ቲማቲም፣ አብሮ ከተበላ ሰውነት የሚወስደው ብረት ይጨምራል። እንግዲህ አስቡት። ምስሩ ያው ምስር ነው። አንዱ ትምህርት ቤት ከጎኑ ሻይ ያቀርባል፣ ሌላው ግማሽ ብርቱካን። ሁለቱም "ምስር" ብለው ሪፖርት ያደርጋሉ። ለልጁ ደም ግን ሁለት የተለያየ ምሳ ነው።

እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉም እንዲሁ ነው። እህል ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ሞልቶታል። አንዱ የሌላውን ጎዶሎ ይሸፍናል። አቅም የሌለው ወጥ ቤት ሥጋ ሳይገዛ ደህና ፕሮቲን የሚያቀርበው በዚህ መንገድ ነው። ምስሩ ድስቱ ታች ከቀረ ግን ይሄ ሁሉ እውቀት ለይስሙላ ነው።

ሆድ መሙላትና ልጁን በደንብ መመገብ የተለያዩ መሆናቸውን በደንብ የምታሳየው ሕንድ ናት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 ክልሎች ሁሉ ለመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የበሰለ ምሳ እንዲሰጡ አዘዘ። ቢያንስ 300 ካሎሪ፣ ከ8 እስከ 12 ግራም ፕሮቲን፣ በዓመት ቢያንስ 200 ቀን። ልብ በሉ፤ ፍርድ ቤቱ "ምሳ ስጡ" ብሎ አላቆመም። ግራሙን ጻፈ። ከዚያ በፊት በብዙ ክልል የሚታደለው ጥሬ እህል ነበር። ጥሬ እህል ቤት ሲደርስ ማን እንደሚበላው ማን ያውቃል? በኋላ መጠኑ ከፍ አለ። ለትንንሾቹ 450 ካሎሪና 12 ግራም፣ ለከፍ ያሉት ክፍሎች 700 ካሎሪና 20 ግራም ሆነ። በማድያ ፕራዴሽ ክልል የተደረገ ጥናት ምሳው የልጆቹን የዕለት የፕሮቲን ጉድለት ሙሉ በሙሉ እንደዘጋ አገኘ። የካሎሪ ጉድለቱን 30 ከመቶ ገደማ ቀነሰ። የብረቱን ግን ወደ 10 ከመቶ ብቻ። ተንኮሉ ይኸው።

ያም ሆኖ ሥራው የሚናቅ አይደለም። በኋላ የመጣ ጥናት በልጅነታቸው ያን ምሳ የበሉ ሴቶች አድገው የወለዷቸውን ልጆች ተመለከተ። የመቀንጨር ችግሩ ቀንሶ ተገኘ። የእናት የትምህርት ቤት ምሳ ልጇ ቁመት ላይ ታየ ማለት ነው። ይሄን ያነበብኩ ቀን ለሚስቴ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩላት።

መንግሥታት ስለ ልጆች ምሳ ማሰብ የጀመሩት አዝነው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብሪታንያ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከተዋጋችው የቦር ጦርነት በኋላ ለውትድርና የሚመጣው ወጣት አቅም ማጣቱ አስደንግጧት ነበር፤ በ1906 የትምህርት ቤት ምግብ ሕግ አወጣች። አሜሪካ በ1946 ባወጣችው የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ ላይ "ብሔራዊ ደኅንነት" የሚል ቃል አለ። እዚያው ላይ ሁለተኛ ዓላማም ተጽፏል፤ የአገር ውስጥ የእርሻ ምርት እንዲበላ ማድረግ። ማለትም ሳህኑ ላይ የሚወጣው ልጁ የሚያስፈልገው ብቻ አልነበረም፤ ገበያው የተረፈውም ነበር። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ አልጠፋም። የትምህርት ቤት ሜኑ ግራ ሲያጋባችሁ "ይሄ ምርት የማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። የትምህርት ቤት ምሳ ጥራቱ ተጠብቆ የሚቆየው ድምፁ የሚሰማ ሰው ልጅም ከዚያው ድስት ሲበላ ነው። ለድሃ ልጅ ብቻ የተለየ ድስት ውሎ አድሮ መቅጠኑ አይቀርም። ክፉ ሰው ስለሚያቀጥነው ላይሆን ይችላል። ሲቀጥን የሚጮህ ስለሌለ ነው።

ብሪታንያን ተመልከቱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ የምሳ የንጥረ ነገር ደረጃ ነበራት። የ1944ቱ የትምህርት ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች ምሳ እንዲያቀርቡ ግዴታ ጣለ። በ1980 የወጣው ሕግ ግን ደረጃውን ሰረዘ፤ ግዴታውንም በነፃ መብላት ለሚገባቸው ልጆች ብቻ አጠበበው። አቅም ያለው ወላጅ ለልጁ ከቤት ምሳ ዕቃ ቋጠረለት። ትምህርት ቤት የቀረው ልጅ መጥበሻ ላይ ተጣለ። የተጠበሰ ድንች፣ ተፈጭቶ የተቀነባበረ ሥጋ፣ ርካሹን ዋጋ ያቀረበ ያሸነፈው ጨረታ። ደረጃው እንግሊዝ ውስጥ የተመለሰው በ2001 ነው። እንዲያም ሆኖ ሕዝቡን ያነቃው በ2005 ሼፍ ጄሚ ኦሊቨር በቴሌቪዥን ያስነሳው ጫጫታ ነው። እሱ ግሪኒች በተባለው የለንደን አካባቢ ሜኑውን ከቀየረ በኋላ ኢኮኖሚስቶች መረጃውን ፈተሹት። የእንግሊዝኛና የሳይንስ ውጤት ተሻሽሏል። ብዙውን ጊዜ በሕመም ምክንያት የሚሆነው ባለፈቃድ ቀሪ ደግሞ 14 ከመቶ ቀንሷል። ከደረጃው መሰረዝ እስከ መመለሱ ከ20 ዓመት በላይ አለፈ። በመሃል ስንት ልጅ ጀምሮ እንደጨረሰ አስቡት።

"ታዲያ ከቤት የሚመጣው ምሳ ዕቃስ?" ትሉ ይሆናል። የወላጅ ፍቅር አለበት፤ ጥራቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎችን ምሳ ዕቃ ሁለት ጊዜ በአሥር ዓመት ልዩነት ከፍተው አይተዋል፤ በ2006 እና በ2016። የትምህርት ቤት ምግብ ደረጃን ያሟሉት ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞሉም። ብስኩቱ፣ ቺፕሱ፣ ጣፋጭ ጁሱ ቦታውን ይይዛል፤ አትክልት ብርቅ ነው። ሀብታም ቤትም ያው ነው፤ ማሸጊያው ያማረ ነው እንጂ።

ምሳ ዕቃ ሌላም ነገር ያሳያል። በተራዬ ቀን አንድ ልጅ አየሁ። ክዳኑን በግማሽ ነው የሚከፍተው። ግማሹን ክዳን እንደ ግድግዳ አቁሞ ከኋላው ይበላል። ጓደኛው ቀና ባለ ቁጥር ክዳኑ ትንሽ ይዘጋል። ውስጡ ያለው ደረቅ ዳቦ ነው። አጠገቡ ያለችው ልጅ ደግሞ ሦስት ክፍል ያለው ምሳ ዕቃዋን ዘርግታ የማትፈልገውን እየመረጠች ታስቀምጣለች። ሁለቱም ዕድሜያቸው ሰባት ዓመት ቢሆን ነው። ማንም ሳይነግራቸው ሁለቱም ቦታቸውን አውቀዋል። የሆድ ነገር ሆድ ይቆርጣል የሚባለው ለካ ለተራበ ብቻ አይደለም።

አሜሪካ ይሄን መለያየት ለረጅም ጊዜ በሰልፍ ነው ያሳየችው። አንዱ ሰልፍ መንግሥት የሚደጉመው ምሳ ነው። ሌላው ገንዘብ የያዘ ልጅ ፒዛውንና ጣፋጩን ለብቻ የሚገዛበት ነው። ማን የየትኛው ቤት ልጅ እንደሆነ ለማወቅ ሰልፉን ማየት ይበቃል። ምሳ ላይ ዕዳ ያለበት ልጅ ደግሞ ሳህኑን ተቀብለውት ምግቡ ሲደፋ ያየበት ጊዜ አለ። በ2014 ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የ40 ያህል ልጆች ምሳ እንዲህ ተደፋ። ለሌላ ልጅ ሊሰጥ ስለማይችል ቆሻሻ ውስጥ ገባ። ጉድ ነው እኮ። ኒው ሜክሲኮ በ2017 ልጅን በምሳ ዕዳ ማሸማቀቅን በሕግ የከለከለች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች።

ጥራቱስ? በ1981 በጀት ሲቆረጥ ኬቻፕን እንደ አትክልት ለመቁጠር የሚያስችል ረቂቅ ደንብ ወጥቶ አገር ምድሩ ሳቀበት፤ ተሳበ። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2010 ሕግ ነው። ከ2012 ጀምሮ አትክልትና ፍራፍሬው ጨመረ፣ እህሉ ወደ ያልተፈተገው ዞረ፣ ለካሎሪው ጣሪያ ተበጀለት። ቀጥሎ ከምግብ ቤት ውጭ በትምህርት ቤቱ ግቢ የሚሸጠውም ደንብ ተበጀለት። ያኔ ብዙ ተጮኸ። "ልጆቹ ይጥሉታል" ተባለ።

የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሜሪካውያን ከ2003 እስከ 2018 የበሉትን ከየት እንዳገኙት ለይተው አዩት፤ ከሱቅ፣ ከምግብ ቤት፣ ከትምህርት ቤት። ከትምህርት ቤት ከሚገኘው ምግብ ጥራቱ ደካማ የነበረው 55 ከመቶ ገደማ ነበር፤ ወደ 24 ከመቶ ወረደ። መጨረሻ ላይ ልጆች ከሚበሉበት ቦታ ሁሉ የተሻለው ትምህርት ቤት ሆኖ ተገኘ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው። የትምህርት ቤቱ ምግብ ሲሻሻል በገቢም በዘርም ሳይለይ ለሁሉም ልጅ ነው የተሻሻለው። ከሱቅ የሚገዛው ምግብ ላይ እንዲህ ያለ እኩልነት አልታየም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ሱቅ ውስጥ ወላጁ ኪሱን አይቶ ይመርጣል። ትምህርት ቤት ውስጥ ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው።

ፊንላንድ ይሄን ቀድማ ገብቷታል። በ1943፣ ያውም በጦርነት መሃል፣ ለተማሪ ሁሉ ነፃ ምሳ የሚል ሕግ አወጣች፤ በ1948 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። ማመልከቻ የለም፣ የድህነት ማስረጃ የለም። ስዊድንም በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ምሳውን በየወረዳው ቀስ በቀስ አስፋፋች። ቀስ በቀስ መሆኑ ለተመራማሪ ሲሳይ ነው፤ ቀድሞ የጀመረውን ወረዳ ዘግይቶ ከጀመረው ጋር ማወዳደር ይቻላል። በ2022 የታተመው ጥናት እንዳሳየው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን ሙሉ ምሳ እየበላ የጨረሰ ልጅ በዕድሜ ዘመኑ የሚያገኘው ገቢ በ3 ከመቶ ገደማ ይበልጣል። ከድሃ ቤት ለመጡት ልዩነቱ እጥፍ ያህል ነው። ቁመታቸውም ጨምሯል። ሁሉም እኩል በላ፤ የበለጠ የተጠቀመው ግን ቤቱ የጎደለበት ልጅ ነው።

"የሀብታሙን ልጅ በነፃ ማብላት ብክነት አይደለም ወይ?" የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ሞኝ ጥያቄ አይደለም። በጀቱ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ ለባሰበት ማለት ያስኬዳል። እኔ የምለው ሀብታሙ በነፃ ይብላ ሳይሆን ከዚያው ድስት ይብላ ነው። ይክፈል ካላችሁ ይክፈል። ጃፓን ውስጥ በብዙ ቦታ የምግቡን ጥሬ ዕቃ ዋጋ ወላጅ ነው ሲከፍል የኖረው፤ ለተቸገሩት ድጋፍ አለ። ሳህኑ ላይ ግን ማን እንደከፈለ አይታይም። እዚያም ነገሩ የተጀመረው በ1889 ጹሩኦካ በምትባል ከተማ ለድሃ ልጆች ነው፤ በ1954 ግን ሕግ ሆነ። ዛሬ ልጆቹ ራሳቸው ነጭ ሽርጥ አስረው ለክፍላቸው ይቀዳሉ። መምህሩ ከእነሱ ጋር ያንኑ ምግብ ይበላል። ከሁሉ የምወደው አንድ ደንብ አለ። ልጆቹ ከመብላታቸው ቢያንስ 30 ደቂቃ በፊት ኃላፊነት ያለበት ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ርእሰ መምህሩ፣ ምግቡን መቅመስ አለበት። ደንቡ የወጣው ለምግብ ደኅንነት ሲባል ነው። ለእኔ ግን ሌላም ጥቅም አለው። ርእሰ መምህሩ በየቀኑ የሚቀምሰው ሾርባ እንዴት ይቀጥናል?

አንድ ድስት ብቻውን ሁሉን ይፈታል አልልም። ሕንድ ውስጥ ምሳው ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ሁሉ ነው፤ አቅም ያለው ቤተሰብ ግን ልጁን ወደ ግል አዛውሯል። ድስቱ አንድ ቢሆንም የሚበላበት የድሃ ልጅ ብቻ ከሆነ ጩኸቱ ያው አይሰማም። እንቁላል ላይ ያለውን ሙግት ተመልከቱ። እንቁላል ርካሽና የተሟላ ፕሮቲን ነው፤ አንዳንድ ክልሎች ያቀርባሉ። ሌሎቹ በሃይማኖትና በፖለቲካ ሰበብ ይተዉታል። ሙግቱን የሚሟገቱት አዋቂዎች ልጆቻቸው ከዚያ ሳህን አይበሉም።

ከዚያ ደግሞ ፋብሪካው አለ። የታሸገ ምግብ ወጥ ቤት ለሌለው ትምህርት ቤት ትልቅ ፈተና ነው። ማገዶ አይፈልግ፣ ማማሰል አይፈልግ፣ አይበላሽ። ብራዚል እዚህ ላይ ጠንከር ብላለች። በ2009 ባወጣችው ሕግ ከፌዴራሉ የምገባ ገንዘብ ቢያንስ 30 ከመቶው ከአነስተኛ የቤተሰብ እርሻ እንዲገዛ አስገደደች። በ2025 ደግሞ ለተቀነባበሩ ምግቦች የሚወጣው ከ15 ከመቶ እንዳይበልጥ፣ በ2026 ወደ 10 እንዲወርድ ወሰነች። ገደብ በቁጥር ሲጻፍ ደስ ይለኛል። "ጤናማ ምግብ ይበረታታል" የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አስገድዶ አያውቅም።

ጊዜውንም እንዳንረሳ። ግሩም ምሳ አብስሎ ልጁን ለመብላት አሥር ደቂቃ መስጠት ቀልድ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ጥናት ለመብላት ከ20 ደቂቃ በታች ያገኙ ልጆች ቢያንስ 25 ደቂቃ ካገኙት ይልቅ ከዋናው ምግብ 13 ከመቶ፣ ከአትክልቱ 12 ከመቶ ያነሰ መብላታቸውን አሳየ። ሌላ ጥናት እረፍቱ ከምሳ በፊት ሲሆን የፍራፍሬና የአትክልት አበላሉ 54 ከመቶ መጨመሩን አገኘ። ተሯሩጦ የመጣ ልጅ ይርበዋል። ጨዋታው ከምሳ በኋላ ከሆነ ግን ዓይኑ ሜዳው ላይ ነው፤ ካሮቱን ማን ያየዋል? ይሄ ማስተካከያ ገንዘብ አይጠይቅም። የሰዓት ሰሌዳውን የሚያወጣ ሰው ፈቃድ ብቻ ነው የሚፈልገው። እኛ ጋ ስጠይቅ "ሰሌዳው ከላይ የመጣ ነው" ተባልኩ። ከላይ ማን ጋ እንደሆነ እስካሁን እየተጠያየቅን ነው።

የቀረኝ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ነው። ብራድፎርድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ በ1907 ክራውሊ የተባሉ የትምህርት ቤት ሐኪም የተቸገሩ 40 ልጆችን እያበሉ ይመዝኑ ነበር። ምግብ ባለበት ሳምንት ክብደታቸው ይወጣል። በበዓል እረፍት ይወርዳል። ትምህርት ሲከፈት መልሶ ይወጣል። ከመቶ ዓመት በኋላ ጃፓን ውስጥ የተማሪዎችን አመጋገብ ያጠኑ ተመራማሪዎች ያንኑ አገኙ። በገቢ ምክንያት በልጆች ምግብ ላይ የሚታየው ልዩነት ይበልጥ የሚጎላው የትምህርት ቤት ምሳ በሌለበት ቀን ነው። በ2020 ወረርሽኙ ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ወደ 370 ሚሊዮን ልጆች ምግባቸው ቀረባቸው። እንግሊዝ ውስጥ መንግሥት በረጅሙ እረፍት የምግብ ኩፖን አልሰጥም ብሎ ነበር። ማርከስ ራሽፎርድ፣ ራሱ በልጅነቱ በትምህርት ቤት ነፃ ምሳ ያደገው ኳስ ተጫዋች፣ ለፓርላማ አባላት ደብዳቤ ጻፈ። ሰኔ ላይ መንግሥት ሐሳቡን ቀየረ። ጥቅምት ላይ እንደገና አልሰጥም አለ፤ ኅዳር ላይ እንደገና ቀየረ። ከብራድፎርዱ ሚዛን 113 ዓመት በኋላ የእረፍት ጊዜ ምሳ ጉዳይ በአንድ ኳስ ተጫዋች ደብዳቤ ነው የተወሰነው። በሌሎች ብዙ አገሮች ደግሞ ደብዳቤውን የሚጽፍም አልተገኘም። የትምህርቱን መሥሪያ ቤት ስትጠይቁ "ትምህርት ዝግ ነው" ይላችኋል፤ የጤናውን ስትጠይቁ ወደ ትምህርቱ ይልካችኋል።